ጠዋት ኳስ ሲያባርር የነበረ ውሻ ማታ እንዴት ይሞታል?

ጥያቄ፦ «ቦቢ የሚባል የ9 ዓመት ጀርመን ሼፐርድ ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው በልቶ ከልጄ ጋር ኳስ ሲያባርር አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ተኛ፤ ስንጠራው ጭራውን ይቆላል እንጂ አይነሳም። ማታ ልቁም ሲል ወደቀ። ክሊኒክ ስናደርሰው ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየውና ጣፊያው ላይ ዕጢ እንዳለ፣ ዕጢው ፈንድቶ ሆዱ በደም እንደተሞላ ነገረን። ቀዶ ጥገና ይቻላል፣ ግን ተስፋው ትንሽ ነው ሲለን በመርፌ እንዲያርፍ ፈቀድኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቀን ምግብ እምቢ ብሎ ተኝቶ ውሎ ነበር፤ በማግስቱ ደህና ሲሆን ተውኩት። ያን ቀን ብወስደው ይተርፍ ነበር? ወይስ ሰው መርዝ አብልቶት ነው? ቸኩዬስ አስገደልኩት? የ6 ዓመት ልጄ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይጠይቀኛል። ሌላዋ ውሻችን በር በሩን እያየች ምግብ በቅጡ አትቀምስም። እኔም ሥራ ቦታ ‹ለውሻ ነው እንዴ?› እንዳልባል ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው።»

የእንስሳት ሐኪም ምላሽ፦ አይዞዎት። የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሕመሙ ልጀምር፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ጥያቄ አብዛኛው መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ጣፊያ በስተግራ በኩል፣ ከጨጓራ አጠገብ የሚገኝ ረዘም ጠፍጠፍ ያለ አካል ነው። ደም ያጣራል፣ ያረጁ የደም ሴሎችን ያስወግዳል፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ደምም ያስቀምጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በደም የተሞላ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ትልልቅ ውሾች ጣፊያ ላይ ከሚወጡት ክፉ ዕጢዎች ዋነኛው ሄማንጂዮሳርኮማ ይባላል። የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ከሚሸፍኑት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ጀርመን ሼፐርድ፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ላብራዶር ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ8 ዓመት በኋላ ይመጣል። ቦቢ በዘርም በዕድሜም እዚያ ውስጥ ነበር።

የዚህ ዕጢ ክፋቱ የተሠራበት ነገር ነው። ካንሰሩ የራሱን የደም ሥሮች ይሠራል፣ ግን የማይረቡ ናቸው። ግድግዳቸው ስስ ነው፣ ያፈሳሉ፣ እርስ በርስ ተገጣጥመው ደም የቋጠሩ ጉድጓዶች ይሆናሉ። ውሃ የሞላ ስስ ፊኛ ያስቡ። እንዲፈነዳ ምት አያስፈልገውም። ውሻው ሲዘል ሊፈነዳ ይችላል፤ ተኝቶ ሲገላበጥም ሊፈነዳ ይችላል።

እስኪፈነዳ ድረስ ደግሞ ድምፅ የለውም። ሆድ ዕቃ ውስጥ ቦታ ሞልቷል፣ ዕጢው የሚጫነው ነገር ስለሌለ ብዙም አያሳምም። የጡጫ ያህል አድጎ እንኳ ውሻው ይበላል፣ ይሮጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል። የተለመደው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይወጣል። ደረቱ ሰፊ የሆነ ውሻ ላይ በእጅ ዳስሶ ማግኘት ለሐኪምም ከባድ ነው። ውሻ ደግሞ በተፈጥሮው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሚይዝ እንስሳ ነው።

አሁን ወደዚያ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደነበረው ቀን እንምጣ።

ያ ቀን ምን እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም፤ የጻፉት ግን የታወቀ ምልክት ነው። ዕጢው ትንሽ ይቀደድና ጥቂት ደም ወደ ሆድ ይፈሳል። ውሻው ይደክመዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ከዚያ ቀዳዳው በረጋ ደም ይደፈናል። የፈሰሰውን ደም ሰውነት መልሶ ይመጥጠዋል፤ ከቀይ የደም ሴሎቹ ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዝውውር ይመለሳሉ። በማግስቱ ውሻው ተነስቶ ይበላል። ማንም ሰው ሲያየው «ሆዱን አሞት ነበር፣ ተሻለው» ነው የሚለው። እርስዎም ያሉት ይህንኑ ነው።

ብወስደውስ? ለሚለው ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ አንድ ቀን ምግብ እምቢ ያለ ውሻ ክሊኒክ ሲመጣ የሚሆነውን አውቃለሁ። ሙቀቱ ይለካል፣ ሆዱ ይዳሰሳል፣ ድዱ ይታያል። ትንሽ ከመንጣት በቀር ምንም ላይገኝ ይችላል። ሆድ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቶት «ካልተሻለው ተመለሱ» ይባላል። በማግስቱ ደግሞ ይሻለዋል። አልትራሳውንድ ካልታዘዘ ዕጢው አይታይም፤ በአንድ ቀን ምግብ መጥላት ደግሞ ለሁሉም ውሻ አልትራሳውንድ አይታዘዝም።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ከባድ ነው። ሄማንጂዮሳርኮማ ከሆነ፣ በተገኘበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ተሰራጭቷል። ከደም ሥር የሚነሳ ካንሰር ስለሆነ ከደም ጋር ይጓዛል፤ ጉበት ላይ፣ ሳንባ ላይ፣ ልብ ላይ ዘር ጥሎ ይቆያል። ጣፊያው በቀዶ ጥገና ሲወጣ ውሻው በአማካይ ከ1 እስከ 3 ወር ይኖራል። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲጨመር ከ4 እስከ 6 ወር ይሆናል። ዓመት የሚሞሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ያን ቀን ቢወስዱትና ዕድለኛ ሆነው ቢገኝ እንኳ፣ የሚያተርፉት ወራት ነበር። ወራት ትንሽ ነው አልልም። ግን እርስዎ በሐሳብዎ የሚያዩት አርጅቶ የሚሞት ቦቢ ነው። ያ ቦቢ ያን ቀን ክሊኒክ በመሄድ የሚገኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት የሆነውንም ልንገርዎት። አንዳንድ ሰው ዝርዝሩን መስማት አይፈልግም፤ እርስዎ ግን «ሲጠሩት ጭራውን ይቆላ ነበር» ብለው ጽፈዋል፤ ይህ ነገር የሚያሳርፍዎት አይመስለኝም። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በሰውነቱ ውስጥ 2 ሊትር ተኩል ያህል ደም አለው። ሲደማ ሰውነቱ ወዲያው እጅ አይሰጥም። የቆዳንና የአንጀትን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ ልብን ያፈጥናል፣ የቀረውን ደም ለአንጎልና ለልብ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ጆሮና መዳፍ የሚቀዘቅዘው፣ ድድ የሚነጣው፣ ውሻው የሚተኛው። መተኛቱ ራሱ ይጠቅመዋል፤ ጭንቅላቱ ከልቡ እኩል ሲሆን ደም በቀላሉ ይደርሳል። ስለዚህ ድምፅዎን ሰምቷል፣ አውቆዎታል፣ ጭራውን ቆልቷል። አንጎሉ ደም እያገኘ ነበር። ማታ ሊቆም ሲሞክር የወደቀው ግፊቱ ወደ ላይ መድረስ ሲያቅተው ነው። ከደሙ ሲሶ ያህሉ ሲፈስ ውሻ አደገኛ ሾክ ውስጥ ይገባል፤ ደም ለሰውነቱ በበቂ አይደርስም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የሚሰማው ድካም፣ ውሃ ጥምና የትንፋሽ ማጠር ነው። ሆዱ ሲወጠርም ምቾት ይነሳዋል። እያቃሰተ የሚያሳልፈው ዓይነት ስቃይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

የመርዙን ነገር ቶሎ ልዝጋው፤ እዚህ ጥርጣሬ ላይ ተነስቶ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ብዙ ሰው አይቻለሁና። ደም የሚያፈስስ መርዝ አለ፤ የአይጥ መርዝ ነው። ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከተበላ ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ይመጣል። ግን እሱ ሲሆን ደሙ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ብቻ አይወጣም፤ በድድ፣ በአፍንጫ፣ በሽንት፣ በሳንባ ሊመጣ ይችላል። ጣፊያ ላይ ዕጢ አይሠራም። ነርቭ የሚመቱት መርዞች ደግሞ ለሃጭ ያዝረበርባሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ፣ ያንፈራግጣሉ። ቦቢ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ሐኪሙ ዕጢውን በአልትራሳውንድ አይቶታል። ሰው የለበትም። ትልልቅ ውሾችን በሰዓታት የሚገድል ሌላ ነገርም አለ፤ ጨጓራ ተነፍቶ ሲዞር። እሱ ሲሆን ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ውሻው ሊያስመልሰው ይታገላል፣ ግን ምንም አይወጣም። ይህን የጠቀስኩት ለሌሎች አንባቢዎች ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ያየ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ።

«ቸኩዬስ?» ያሉትን ሆን ብዬ ለብቻው አቆየሁት።

ጣፊያ ላይ የሚወጣ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። የረጋ ደም ቋጠሮ ወይም ምንም የማይጎዳ እብጠት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እነዚያ ውሾች ጣፊያቸው ሲወጣ ይድናሉ፣ ያለ ጣፊያም በደንብ ይኖራሉ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዕጢው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። አልትራሳውንድ ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ይህን የምነግርዎት ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ብቻዎን አንብበውት እንዳይደነግጡ ነው።

ሆኖም ያን ማታ እጅዎ ላይ የነበረውን ይቁጠሩት። የ9 ዓመት ጀርመን ሼፐርድ፣ ፈንድቶ የሚደማ ዕጢ፣ ሾክ ውስጥ የገባ ውሻ። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ሚዛኑ በግልጽ ወደ ካንሰር ያደላል። ቀዶ ጥገናው ራሱ ደም መቀበልን፣ በዚያ ድካም ላይ ማደንዘዣን፣ ከዚያም ልቡ መምታቱን እያዛባ የሚያስጨንቅ ሁለት ሦስት ቀንን ይጠይቃል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀሩ አሉ። አንዳንድ ሰው ይሞክራል፤ አልነቅፈውም። እርስዎ ደግሞ ውሻዎ ባልገባው ቦታ፣ በማያውቃቸው እጆች መካከል፣ ተስፋው በመነመነ ነገር እንዳይንገላታ መረጡ። እኔ ሐኪሙ ብሆን ሁለቱንም መንገድ አስቀምጥልዎት ነበር። «የእርስዎ ቢሆን ምን ያደርጋሉ?» ብለው ቢጠይቁኝ ግን የመረጡትን ነበር የምመርጠው።

መርፌው ምን እንዳደረገውም ይወቁት። ብዙውን ጊዜ ፔንቶባርቢታል ነው፤ የማደንዘዣ ዘር ሆኖ መጠኑ የበዛ። በደም ሥር ሲገባ ውሻው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹና ልቡ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ፣ ምንም በማያውቅበት ጊዜ ነው። ዓይኑ ሳይከደን ይቀራል። አንዳንዴ ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ የሚስብ ይመስላል፣ ጡንቻው ይርገበገባል። ያን አይተው ከሆነ፣ የሰውነት መላቀቅ ነው እንጂ ቦቢ አልነበረም። ያልገባዎት ነገር ካለ ሐኪሙን ደውለው ይጠይቁት። እንዲህ ያለ ስልክ ይደወልልናል፤ አይከብደንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጸጸቱ ወዲያው አይለቅዎትም፤ እንዲለቅዎትም አልጠብቅም። ጸጸት የራሱ ተንኮል አለው። ያን ምግብ እምቢ ያለበትን ቀን ዛሬ ቀይ መብራት አድርጎ ያሳይዎታል። በ9 ዓመት ውስጥ ቦቢ ስንት ቀን ምግብ እምቢ ብሏል? ሲሞቅ፣ ሳር ሲበላ፣ ሲያኮርፍ። እነዚያን ቀኖች የሚያስታውስ የለም፤ ምንም አልተከተላቸውምና። ለደንበኞቼ የምመክረው ቀላል ነገር አለ። አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንድ በኩል ያን ሰሞን ያውቁት የነበረውን ብቻ ይጻፉ፤ በሌላው በኩል ከቅዳሜ ማታ በኋላ ያወቁትን። «ጣፊያ» የሚለው ቃል በየትኛው በኩል እንደሚገባ ያያሉ። በጭንቅላት ማሰብ ብቻውን አይበቃም፤ እስክሪብቶ ይያዙ።

የሥራ ቦታውን በተመለከተ፣ ሽንት ቤት ገብቶ የሚያለቅሰው እርስዎ ብቻ አይደሉም። ኬነዝ ዶካ የተባለ አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኅበረሰቡ ዕውቅና ስለማይሰጠው ሐዘን ጽፏል። ለቅሶ የማይደረስለት፣ ፈቃድ የማይሰጥበት፣ «ነፍስ ይማር» የማይባልለት ሐዘን ማለት ነው። የቤት እንስሳ ሞት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን የሚከብደው ከሐዘኑ ላይ ማፈሩ ስለሚደረብ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አይንገሩ፤ ግን እንስሳ የሚወድ አንድ ሰው አያጡም፣ ለእሱ ወይም ለእሷ ይንገሩ። ‹ሌላ ውሻ ግዢ› የሚልዎትን ደግሞ አይቀየሙት፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው። ሌላ ውሻ የሚመጣው በቦቢ ቦታ ሳይሆን በራሱ ቦታ ነው፤ እርስዎ በፈለጉ ጊዜ፣ ካልፈለጉም በጭራሽ።

ጥፍሩ ወለል ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል የሰሙ ይመስልዎታል። ቤት ሲገቡ እግርዎ ሥር ያለውን እንዳይረግጡ ዘወር ይላሉ። ይህ ጤነኛ ነገር ነው፤ ሰውነት ልማዱን በአንድ ሳምንት አይተውም። ደህና ሆኜ ነበር ብለው ሲያስቡ አንድ ቀን ድንገት ይመለሳል፣ እሱም የተለመደ ነው። ሳምንታት አልፈው መብላት፣ መተኛት፣ ሥራ መሥራት ካቃተዎት ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ሳምንት አይቁጠሩ፤ ያኑ ቀን ለሚቀርብዎት ሰው ይንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ይሂዱ።

ልጁ «መቼ ነው የሚመጣው?» የሚለው ስላልተነገረው አይመስለኝም። በ6 ዓመት ዕድሜ ሞት መመለሻ እንደሌለው ብዙ ጊዜ ገና በደንብ አይጨበጥም። «ተኝቷል» አይበሉት፤ መኝታ የሚፈራ፣ ለማደንዘዣ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይሆናል። «ሄዷል» ካሉትም ይጠብቀዋል። «ቦቢ ሞቷል። ሆዱ ውስጥ ከባድ በሽታ ነበረበት፣ ሰውነቱ መሥራት አቆመ። አይመለስም። አሁን ምንም አያመውም።» ይበቃል። ነገ መልሶ ይጠይቃል፤ በዚያው ቃል ይመልሱለት።

አንድ ነገር ግን እሱ ባይጠይቅም ይንገሩት። ያን ጠዋት ኳስ ሲወረውርለት የነበረው እሱ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጆች ክፉ ነገር ሲደርስ «እኔ ነኝ» ብለው ያስባሉ፣ አይናገሩትም። «ኳሱ አይደለም ያሳመመው። ያን ቀን ባትጫወቱም ይታመም ነበር። ከአንተ ጋር ሲጫወት ደስ ብሎት ነበር» ይበሉት። ውሸት አይደለም። እርስዎ ሲያለቅሱ ቢያይም ግድ የለም፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ይንገሩት።

የቀረችው ውሻ ናት። በሽታው ተላላፊ አይደለም፤ ለእሷም ለእናንተም አያሰጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የጣሊያን ጥናት ከ400 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ አብሮ የኖረ ውሻ ሲሞት የቀረው ጠባዩ እንደተለወጠ ተናግረዋል፤ ሰው ላይ መለጠፍ፣ አለመጫወት፣ ምግብ መቀነስ። ስለዚህ በር በር ማየቷ ያለ ነገር ነው። የምግብ ሰዓቷን አይለውጡ፣ የምትወጣበትን ሰዓትም እንዲሁ። የቦቢን ምንጣፍ ዛሬውኑ አጥባችሁ አታንሱት፤ ጥቂት ታሽትተው። ካልበላች ጣፋጭ ነገር እየለዋወጡ አይለማመጧት፤ ምግቧን ከ20 ደቂቃ በኋላ አንስተው በሚቀጥለው ሰዓት መልሰው ያቅርቡ።

ግን «አዝና ነው» ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩላት። በብርሃን ፊት የላይኛውን ከንፈሯን ቀስ ብለው ያንሱ። ድዱ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዷ ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርገው የውስጡን ቀለም ይዩ። ተኝታ ሳለች ደግሞ ትንፋሿን ይቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ30 በታች ነው የሚጠበቀው። ይህን ዛሬ ይለማመዱት፣ ደህናው ቀለም ምን እንደሚመስል እንዲያውቁ። ነጭ ወይም ግራጫ ድድ፣ ቀዝቃዛ መዳፍ፣ ድንገት የተነፋ ሆድ ካዩ ያኑ ሰዓት ክሊኒክ ነው፣ ሌሊት ቢሆንም። ዕድሜዋ ከ8 ካለፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሆድ አልትራሳውንድ እንዲታይላት ይጠይቁ። ዋስትና አይደለም፤ ዛሬ ንጹህ የታየ ጣፊያ ከወራት በኋላ ሊለወጥ ይችላል። አሁን ግን «በቅጡ አትቀምስም» ያሉት ከአንድ ቀን በላይ ምንም አልበላችም ማለት ከሆነ፣ ሐዘን ነው ብለው አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ይውሰዷት።